የጣና ትምህርት ከጣና ዳር ይጀምር

በጣና ዙሪያ ያሉ ትምህርት ቤቶች ስለ ሐይቁ በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በውኃው ዳር ጭምር ሊያስተምሩ ይገባል።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ሲመዘገብ እምቦጭ ገብቶበት ነበር። ይህ አረም ከቁራጩ ዳግም ያቆጠቁጣል፤ ዘሩም በደለል ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ የአንድ ሰሞን ነቀላ፣ አረሙን የሚነቅሉት አርሶ አደሮች ድካም ክብር የሚገባው ቢሆንም፣ ብቻውን አይበቃም። አረሙን የሚያፋፋው በርብ፣ በጉማራ፣ በመገጭና በግልገል ዓባይ በኩል ከማሳ ታጥቦ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ ነው።

ይህን ተማሪው በዓይኑ ሊያየው ይችላል። የወንዙን ውኃ በክረምትና በበጋ ቀድቶ ድፍርሱን ያወዳድር፤ ያገኘውንም በቀበሌ ስብሰባ ለወላጆች ያስረዳ።

የክልሉ ትምህርት ቢሮ ይህን ሥራ ለክበባት በጎ ፈቃድ መተዉን ትቶ በመደበኛው ዕቅድ ሰዓትና በጀት ሊመድብለት ይገባል።