ጨርቁን ግለጡልን!

ዲሴምበር 8 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. የኢራን ቴሌቪዥን ጅራት የሌለው፣ ሁለመናው ክንፍ የሆነ አንድ ነጣ ያለ አውሮፕላን አሳየ። የአብዮታዊ ዘቡ የአየርና ጠፈር ኃይል አዛዥ ጄኔራል አሚር አሊ ሐጂዛዴ ከጎኑ ቆመው ይመረምሩታል። ሎክሂድ ማርቲን የሠራው፣ አሜሪካ በምስጢር የምታበረው፣ ከራዳር የሚሰወረው አርኪው-170 ሰላይ ድሮን ነው ተባለ። የድሮኑ ሆድ ግን አይታይም። ከክንፉ በታች ያለው ሁሉ አሜሪካን የሚያወግዝ መፈክር በተጻፈበት ጨርቅ ተጋርዷል። ማረፊያ እግሩ ተሰብሮ ይሆን? ሆዱ መሬት ገጭቶ ይሆን? ወይስ ለካሜራ ተብሎ የተሠራ ቅርጽ ይሆን? መልሱ ያለበት ቦታ ላይ ጨርቅ ተሰቅሏል።

ይህን ጥሪ የምጽፈው ስለዚያ ጨርቅ ነው። ዛሬ በየስልካችን የሚገባው የጦርነት ቪዲዮ ሁሉ የሚጋርድ ነገር አለው፤ የተቆረጠ መጀመሪያ፣ የተሸፈነ ሰዓት፣ ከላዩ የተጫነ ዘፈን። እኛም ወይ ዓይናችንን ጨፍነን እናምናለን፣ ወይ «ውሸት ነው» ብለን እናልፋለን። ሁለቱም ጨርቁን እንዳለ ይተዉታል።

ያኔም ብዙ ሰው አላመነም። ቀለሙ ቀደም ሲል አፍጋኒስታን ውስጥ ካንዳሃር ላይ ከተነሡት የዚሁ ዓይነት ድሮን ፎቶግራፎች ጋር አይገጥምም ያሉ ነበሩ፤ መጫወቻ ነው ብለው የሳቁም ነበሩ። ምክንያት አላጡም። በጁላይ 2008 የዚሁ ዘብ የዜና ክፍል አራት ሚሳኤሎች ባንዴ ሲወነጨፉ የሚያሳይ ፎቶ አሰራጨ፤ ታላላቅ ጋዜጦች በፊት ገጻቸው ካወጡት በኋላ አንደኛው ሚሳኤል በኮምፒውተር የተጨመረ ሆኖ ተገኘ። ከሥሩ የሚነሣው ጭስና አቧራ ከጎረቤቶቹ ተቀድቶ የተለጠፈ ነበር፤ ልብ ብሎ ላየው የአቧራው ጉብታ ሳይቀር አንድ ነው። እንዲህ ያደረገ አካል ሌላ ነገር ሲያሳይ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ነገር ግን ድሮኑ እውነተኛ ነበር። ዲሴምበር 12 ቀን ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ኢራን እንድትመልስላቸው መጠየቃቸውን ለጋዜጠኞች ተናገሩ። የራሱ ያልሆነውን ዕቃ መልሱልኝ የሚል መንግሥት የለም። የሳቁት ሰዎች ጥርጣሬ መነሻ ነበረው፤ ሥራ ግን አልተሠራበትም። ያለፈውን ውሸት አስታውሰው ያሁኑን ሳይመረምሩ ፈረዱ።

የባለቤቱም ቃል ቢሆን ያለ ምርመራ የሚዋጥ አልነበረም። በአፍጋኒስታን የነበረው የኔቶ ጦር መጀመሪያ የሰጠው መግለጫ፣ በምዕራብ አፍጋኒስታን ሲበር የነበረ መሣሪያ የሌለው የቅኝት አውሮፕላን ሳይሆን አይቀርም የሚል ነው። ድሮኑ ተያዘባት የተባለችው ካሽማር ግን ከአፍጋኒስታን ድንበር ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኢራን ገብታ የምትገኝ ከተማ ናት። ዋሽንግተን በ1960ም ዩ-2 ሰላይ አውሮፕላኗ ሶቪየት ኅብረት ላይ ሲመታ የአየር ጠባይ መመርመሪያ ነው ብላ ነበር፤ የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቼቭ አብራሪው በሕይወት እንዳለ ሲናገሩ ነው ታሪኩ የፈረሰው። እንግዲህ የማራኪውን ጨርቅ ግለጡልን ስንል የተማረከበትንም ጨርቅ ግለጡልን ማለታችን ነው። ላንዱ ወገን ብቻ የሚሠራ ጥርጣሬ ጥርጣሬ አይባልም፤ ደጋፊነት ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት የተለያዩ አባባሎች ባንድ ላይ ተቋጥረው ነበር የቀረቡልን። ድሮኑ ተይዟል የሚለው አንድ። በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ተጠልፎ እንዲያርፍ ተደረገ የሚለው ሁለት። የውስጡ ምስጢር ተፈትቶ ምስሉ ወጣ የሚለው ሦስት። የመጀመሪያው እውነት ሆነ፤ ብዙ ሰው ታዲያ ሌሎቹንም በዚያው ተቀበላቸው።

ሁለተኛውን እንየው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚዞሩ ምድር የሚደርሰው ምልክታቸው እጅግ ደካማ ነው። በቅርብ ሆኖ ጠንከር ያለ የሐሰት ምልክት የሚልክ ሰው ተቀባዩን ሊያታልለው፣ ቴህራን አካባቢ ያለውን ካንዳሃር ነኝ ሊያሰኘው ይችላል። በ2012 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ቶድ ሐምፍሪስና ባልደረቦቻቸው አንዲት ትንሽ ሰው አልባ ሄሊኮፕተር ላይ ይህን በተግባር አሳይተዋል። እነሱ ያታለሉት ግን ለማንም ክፍት የሆነውን የሲቪል ምልክት ነው፤ የጦር ኃይሉ ምልክት በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ነው። ስለዚህ ሙከራው «ሊሆን ይችላል» ያሰኛል እንጂ «ሆነ» አያሰኝም።

ሦስተኛው ላይ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2013 የኢራን ቴሌቪዥን ከድሮኑ የወጣ ነው ያለውን ጥቁርና ነጭ የአየር ላይ ምስል አቀረበ። ለሕዝብ የቀረበው ተመርጦ የተቆራረጠ ነው። የአየር ላይ ምስል በእጅ መገኘቱ ብቻውን ቁልፍ ተሰብሯል ማለት አይደለም። በ2009 የኢራቅ ታጣቂዎች የአሜሪካን ፕሬዳተር ድሮኖች ቪዲዮ 26 ዶላር በሚሸጥ ሶፍትዌር ከሰማይ ይቀዱት እንደነበር ታውቋል፤ ቪዲዮው ከነጭራሹ ስላልተቆለፈ የሚፈታ ቁልፍ አልነበረም። ኢራን የድሮኑን ቅርጽ ቀድታ በ2014 ማሳየቷ፣ በ2018ም የዚያ ዝርያ ነው የተባለ ድሮን እስራኤል ላይ ተመቶ መውደቁ የአካሉን መቀዳት ይመሰክራል። ስለ ምስጢሩ መፈታት ግን አንዳች አይናገርም።

እዚህ ላይ ነው የሕዝብ ጉልበት የሚያስፈልገው። ጥርጣሬን ወደ ሥራ የለወጡ ሰዎች ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ራሷ ኢራን ውስጥ ታይቷል። ጃንዋሪ 8 ቀን 2020 የዩክሬን አየር መንገድ አውሮፕላን ከቴህራን እንደተነሣ ወድቆ 176 ሰዎች ሞቱ። ባለሥልጣናቱ የቴክኒክ ብልሽት ነው አሉ። ሰዎች ግን ሚሳኤሉ ሲመታው በስልክ የተቀረጸውን ቪዲዮ ይዘው ሕንጻዎቹን ከሳተላይት ምስል ጋር ገጠሙ፤ ብልጭታው ከታየ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ካለፈው ጊዜ ርቀቱን አሰሉ፤ ቦታውን አገኙት። ከሦስት ቀን በኋላ መንግሥት አመነ። በቴሌቪዥን ቀርበው ኃላፊነቱን የወሰዱት እነዚያው ከድሮኑ ጎን የቆሙት ጄኔራል ሐጂዛዴ ናቸው። በዚያው ዕለት የአሚርካቢር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለምን ዋሻችሁን ብለው አደባባይ ወጡ።

ወገኖቼ፣ ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ያ ድሮን በተማረከበት በ2011፣ የአሜሪካ ሪፐር ድሮኖች ከአርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ ሶማሊያን እንደሚቃኙ የነገረን የውጭ ጋዜጣ ነው። ከዚያ ወዲህማ ድሮን ለሰማያችን እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜም ከዚያም በኋላ «ጣልነው»፣ «ማረክነው»፣ «ደመሰስነው» የሚል ቪዲዮ በቴሌግራምና በቲክቶክ ሲጎርፍ፣ የሌላ አገር ጦርነት የእኛ ተብሎ ሲዞር፣ የእኛ እውነተኛ ሰቆቃ ደግሞ «የተቀነባበረ ነው» ተብሎ ሲጣል አይተናል። ልጁን ያጣ አባት ሐዘኑን ለማስረዳት ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር እንዲከራከር ተገዷል። ይህ እንዲቀጥል መፍቀድ የለብንም!

ስለዚህ በደቦ እንነሣ። ሥራው ያንድ ሰው አይደለም፤ መሣሪያውም በእጃችን ነው። በ2018 ሁለት ሴቶችና ሁለት ሕፃናት በወታደሮች ሲገደሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ሲወጣ የካሜሩን መንግሥት ሐሰት ነው ብሎ ነበር። የቢቢሲ መርማሪዎችና አብረዋቸው የሠሩ ሰዎች በቪዲዮው መጀመሪያ ላይ ከኋላ የሚታየውን የተራራ ጠርዝ ይዘው ዘለቬት የምትባል መንደር አጠገብ ካለው ሰንሰለት ጋር ገጠሙት፤ ከጥላው አቅጣጫና ርዝመት ወቅቱን አወጡ። ከታሰሩት ወታደሮች አብዛኞቹ በኋላ ተፈረደባቸው። የጎንደርን፣ የወሎን፣ የትግራይን፣ የሸዋን፣ የወለጋን ተራራ ጠርዝ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት፣ የመስጊዱን ሚናራ፣ የወንዙን መታጠፊያ፣ ገበያው የሚቆምበትን ቀን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ያን እውቀት አምጡት!

በዋሽንግተንና በሚኒያፖሊስ፣ በቴል አቪቭና በፍራንክፈርት፣ በዱባይና በሪያድ ያላችሁ ወገኖች፣ አገር ቤት ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሳተላይት ካርታ መክፈት የምትችሉት እናንተ ናችሁ። በየማኅበራችሁ ቪዲዮ የሚመረምሩ ጥቂት ሰዎችን ሰይሙ። ከልዩ ልዩ ወገን ይሁኑ፤ አንዱ የሚወደውን ዜና ሌላው ይፈትነው። የት ነው፣ መቼ ነው፣ ማን ቀረጸው፣ ከዚህ በፊት የት ታይቶ ነበር? መልስ እስኪገኝ ማንም አያስተላልፍ።

አገር ቤት ያላችሁ፣ የቀረጻችሁትን ዋናውን ፋይል አትሰርዙት። በዋትስአፕ በተራ ቪዲዮ ሲላክ ይጨመቃል፣ የተቀረጸበትን ጊዜና ቦታ የሚናገረው መረጃም ይወልቃል፤ የግድ መላክ ካለበት በፋይል መልክ ይላክ። ግን አደራ፣ ከእውነት በፊት ነፍስ ይቅደም። የቀራጩን ማንነትና ቤት የሚያጋልጥ ነገር በአደባባይ አይወጣም። የምስክሩን ፊት የሚያሳይ፣ የቆመበትን መስኮት የሚያስለይ ምርመራ አድራጊ ቡድን አብሮ ገዳይ ሊሆን ይችላል፤ ይህን መጀመሪያ ተማማሉበት።

በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በዩቲዩብ የምትቀርቡ ባለሙያዎች፣ ከእናንተ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። «ደረሰን» አትበሉን፤ ከማን እንደደረሰ ንገሩን። ከመንግሥትም ከታጣቂም የተሰጣችሁን ቪዲዮ ስታሳዩ የሰጣችሁ አካል ማን እንደሆነ ማያው ላይ ይጻፍ። ያልተቆረጠውን ጠይቁ፤ ከተከለከላችሁም መከልከላችሁን ተናገሩ። ስትሳሳቱ እርማቱ ዜናው በወጣበት ሰዓትና ቦታ ይውጣ። የዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካልና የኮምፒውተር መምህራን፣ አዳራሻችሁን ለሕዝብ ክፈቱልን፤ የጂፒኤስ ምልክት እንዴት እንደሚታለል፣ የተቆለፈ ምስል ካልተቆለፈው በምን እንደሚለይ በአማርኛ አስረዱን። መግለጫ የምትሰጡ የጦር ቃል አቀባዮችም ስሙ፦ ማረክን ካላችሁ ተከታታይ ቁጥሩን፣ አልጠፋብንም ካላችሁም የበረራ መዝገቡን አሳዩን፤ እስክታሳዩ ቃላችሁን የእናንተ ቃል እንደሆነ ብቻ እንመዘግበዋለን።

የሚቀጥለው ቪዲዮ ቀን አይቆጥርም፤ ዛሬ ማታም ሊመጣ ይችላል። ከመምጣቱ በፊት ባላችሁበት የቴሌግራም ቡድን፣ በዕድር፣ በማኅበር፣ በሥራ ቦታ ሦስት ሦስት ሰው መርጣችሁ ስማቸውን ለአባላት አሳውቁ፤ አንዱ ቦታውን ይፈልግ፣ አንዱ ጊዜውን፣ አንዱ ደግሞ የቪዲዮውን የመጀመሪያ ምንጭ። ያገኙትን ከነማስረጃው ለሁሉም ይጻፉ፤ ያላገኙትንም «አላገኘነውም» ብለው ይጻፉ።