የካርቶኗ አይሱዙ ጭቃ

እኛ ሰበታ ያለነው ጭቃው ከደጃፍ አልፎ ሳሎን ገብቶብናል። የዛሬው ወሬዬም ከዚያው ከጭቃው አይርቅም።

ትምህርት ሲዘጋ ቡራዩ የሚኖረው የልጅ ልጄ እኔ ዘንድ መጣ። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። በካርቶን አይሱዙ የጭነት መኪና ሲሠራ ሰነበተ፤ ጎማዎቹን ካረጀ ነጠላ ጫማ ቆረጠ፣ ከጀሪካን ቁራጭ ደግሞ ፓራፋንጎ አወጣላት። አባቱ ሾፌር ነው፤ በሱሉልታ በኩል ወደ ጎጃም ይጭናል፣ ቤት የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። አንድ ጠዋት በረንዳው ላይ በጣሳ የተለወሰ ጭቃ አገኘሁና ሳልጠይቅ አውጥቼ ደፋሁት። ዕድሜዬን ሙሉ እናቶችን «የልጆቻችሁን እጅ አስታጥቡ» ስል የኖርኩ ነርስ ነኝ፤ እጄ ከሐሳቤ ቀደመ። ልጁ አልጮኸም፣ አላለቀሰም። ሁለት ቀን ሙሉ «እሺ» እና «አይ» ብቻ ሆነ መልሱ። በሦስተኛው ቀን፣

«እማማ፣ የአባዬ መኪና ሱሉልታ ላይ ስትደርስ ጭቃ በጭቃ ነው የምትሆነው። ንጹሕ ከሆነች እሷን አትመስልም» አለኝ።

ይቅርታ ጠየቅኩት። አያት ይቅርታ ስትጠይቅ ልጅ ግራ ይገባዋል፤ እሱም ግራ ገብቶት ጫማውን አየ። ከዚያ አብረን ገባንበት።

ለካ እኔ ከመድፋቴ በፊትም ሥራው ችግር ነበረበት። የቀባው ጭቃ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል፣ ካርቶኑም በውሃው ይላሽቃል። ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በበጋ ማሳው ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍተው ይኸው ጠባዩ ነው። የጭቃ ቤት ያየን ሰዎች መድኃኒቱን እናውቀዋለን፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ቀናት ይቦካል፣ ጭዱም እንደ ጅማት ሆኖ ይይዘዋል። ለካርቶን መኪና ግን ጭዱ በመቀስ እንደ ሻይ ቅጠል ደቅቆ መቆረጥ አለበት። ስድስት ሜትር ገደማ የምትሆነውን መኪና በ30 ሳንቲ ሜትር ከሠራችኋት ሃያ ጊዜ አንሳለች ማለት ነው። ስለዚህ 2 ሚሊ ሜትር ጠጠር እሷ ላይ የ4 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ይሆናል። አፈሩን በሻይ ማጥለያ የነፋነው ለዚህ ነው።

ከመንፋታችን በፊት ግን የነርስነቴን ሥራ ሠራሁ። አፈሩ ከብት ከሚውልበት፣ ከመጸዳጃ ቤትና ከቱቦ አጠገብ አይወሰድ። ደረቁን አፈር በማንጠቀምበት ምጣድ ላይ፣ ደጅ፣ እጅ እስኪያቃጥል አመስኩት፤ የወስፋት እንቁላል ሙቀት አይችልም። የመንጋጋ ቆልፍ ተህዋሲ ግን ግትር ነው፣ ምጣድ ላይገድለው ይችላል። ጣቱ ላይ ጭረት ያለበት ልጅ ቁስሉ ሳይሸፈን አፈር አይንካ። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ የሚሰጠው ክትባት ይህንንም ይይዛል፤ ካርዱን ፈልጋችሁ እዩት፣ የጎደለ ካለ ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ጄሶ የምትጨምሩ ካላችሁ ደግሞ ልጁ በእጁ አይጨብጠው፤ ጄሶ ሲጠነክር ይግላል። ስንቱን ስብራት በጄሶ ሳስር ሙቀቱን አውቀዋለሁ።

ድብልቁ ቀላል ነው። ሦስት ማንኪያ አፈር፣ አንድ ማንኪያ የደቀቀ ጭድ ወይም የተነፋ ሰጋቱራ፣ አንድ ማንኪያ የእንጨት ኮላ፣ ከዚያ እንደ ገንፎ እስኪሆን ውሃ በጠብታ። ካርቶኑ አስቀድሞ ኮላ ተቀብቶ ይድረቅ፣ ያኔ አይላሽቅም። እርጥብ እንዲመስል የፈለጋችሁት ቦታ ላይ ሌላው ሁሉ ከደረቀ በኋላ ኮላ ደርቡበት፤ ሲደርቅ ነጩ ጠፍቶ ያብለጨልጫል። ቫርኒሽ አያስፈልግም፣ ሽታውም ለልጅ አይሆንም። በውጭ አገር ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ጭቃን በብልቃጥ ገዝተው ነው አሉ የሚቀቡት። እኛ ጋ መጥተው ቢዝቁ!

ቀለሙ ላይ ተከራከርን። እኔ ከጓሮዬ ቀላ ያለውን አፈር አምጥቼ ነበር፤ ልጁ «ይሄ የቡራዩ ዳገት ነው፣ ሱሉልታ ጥቁር ነው» አለ። ልክ ነበር። ከሜዳው በኩል ጥቁሩን አስመጣን።

ጭቃው የት የት እንደሚቀመጥ ግን ሁለታችንም አናውቅም። ማታ አባቱ ሲደውል፣ እንደ ወትሮው «ሰላም ነህ? በላህ?» ብሎ ሊዘጋ ሲል፣ ልጁ «አባዬ፣ ጭቃ መኪናህን የት የት ይይዛታል?» አለው። ዝም ተባለ። ከዚያ ወሬው አላልቅ አለ። ከኋላ ጎማ ጀርባ ወፍራም ነው፣ በሩ ላይ ከታች ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። መስታወቱ ላይ መጥረጊያው የሚደርስበት ብቻ እንደ ማራገቢያ ንጹሕ ነው። ታርጋው ተጠርጓል፣ አለዚያ ትራፊክ ይቀጣል። መርገጫው ላይ የጫማ ዱካ አለ። ጣሪያው አቧራ እንጂ ጭቃ የለውም። ልጁ በእርሳስ ሲጽፍ እኔ ስልኩን ይዤለት ነበር፤ ክንዴ እስኪዝል።

ፍንጣቂውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አደረግነው። ቀጠን ያለውን ጭቃ ነክሮ ጸጉሩን በጣት ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ መልቀቅ ነው። አስቀድማችሁ ጋዜጣ ላይ ሞክሩት፤ እኔ ግድግዳዬን ቀብቻለሁ።

አባቱ ቅዳሜ ማታ መጣ። መኪናዋን ብርሃን ላይ ወስዶ ዞር ዞር አድርጎ አያት። «እዚህ ጋ ይጎድላል» አለ፣ የኋላዎቹን ጥንድ ጎማዎች መሃል በትንሽ ጣቱ እየነካ። «እዚህ መሃል ድንጋይ ይገባል፤ ካላወጣኸው ጎማ ይበላል። ጠጠር አምጣ።» ልጁ ሮጠ። ራቱ ቀዘቀዘ፤ ሁለቱም ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው እጃቸው ጭቃ ሆኖ ነበርና እኔም አልጠራኋቸውም።