የጥቂት ምርት ዋጋ

ብዙዎች «ዕቃው ጥቂት ከሆነ ዋጋው ይናር» ይላሉ። እኛ አንስማማም።

የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ በ1938 እ.ኤ.አ. ናይለንን ሲያስታውቅ ታላቁ ፋብሪካው ገና ሥራ አልጀመረም ነበር። ስለዚህ በጥቅምት 1939 በዊልሚንግተን 4,000 ያህል ጥንድ የሴቶች ካልሲ ለከተማው ነዋሪዎች ብቻ ሸጠ። በመላ አገሪቱ የሸጠው የሲፎርድ ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ በግንቦት 1940 ነው። ዋጋውም ከሐሩ ካልሲ እጅግ የራቀ አልነበረም።

ርካሹን ዕቃ አትራፊ ያግበሰብሰዋል የሚለው ሥጋት እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን ለእያንዳንዱ ገዢ መጠን መወሰን ነው። በውድ ዋጋ የተባረረ ደንበኛ ወደ አሮጌው ዕቃ ይመለሳል፤ ፋብሪካው ሲሰፋም ገዢ ይታጣል።

እኛም ነገ አዲስ ዕቃ ስናወጣ፣ ዋጋውን የዛሬውን እጥረት ሳይሆን የነገውን ምርት አይተን እንቁረጥ።