የትኛውን መናፈሻ በየትኛው ቀን?

ነጋዴ የሆነ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ትርፍንና ኪሳራን የሚወስነው የገበያው ቦታ ብቻ ሳይሆን የገበያውም ቀን ነው። ከሸዋ ወደ ወሎ የሚዘልቅ ነጋዴ እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ይውላል፤ ማክሰኞ ባቲ ደርሶ ገበያተኛ አጣሁ ብሎ ቢያማርር ግን የሚያዝንለት አያገኝም። ይህን ጥበብ አባቶቻችን ያለ መጽሐፍ ተምረው ለልጆቻቸው አስተላልፈውታል። የሚያስገርመው፣ በሥራው ቀን ይህን ያህል የሚጠነቀቀው ሰው ለዕረፍቱ ቀን ከዚያው ጥንቃቄ እኩሌታውን እንኳ ሳያደርግ መቅረቱ ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ ይኸው ነው።

የምንናገረው በአሜሪካን አገር በፍሎሪዳ ግዛት፣ በኦርላንዶ ከተማ አጠገብ ስላሉት ታላላቅ የመዝናኛ መናፈሻዎች ነው። በዋሽንግተንና በሌሎችም የአሜሪካን ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚያ ይጓዛሉ፤ ልጅና የልጅ ልጅ ለመጠየቅ ከአገር ቤት የተሻገሩ ወላጆችም አብረው ይከተላሉ። ይህ ጉዞ ለብዙ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ ፍሬ ነው። ገንዘቡ ሠርተው ይተኩታል፤ አያትና የልጅ ልጅ አብረው የሚውሉበት ቀን ግን ካመለጠ የሚተካ አይደለም።

ስለ ሥፍራው ጥቂት እንግለጽ። ዋልት ዲዝኒ የመጀመሪያውን መናፈሻ፣ ዲዝኒላንድን፣ በካሊፎርኒያ የከፈተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1955 ነበር፤ ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። እርሱ በ1966 ካረፈ በኋላ ኩባንያው በፍሎሪዳ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ የተባለውን ሰፊ ሥፍራ በ1971 መረቀ። በዚህ ሥፍራ ውስጥ አራት መናፈሻዎች ይገኛሉ፤ እነርሱም በ1971 የተከፈተው ማጂክ ኪንግደም፣ በ1982 የተከፈተው ኤፕኮት፣ በ1989 የተከፈተውና ዛሬ ሆሊውድ ስቱዲዮስ የሚባለው፣ በ1998 የተከፈተውም አኒማል ኪንግደም ናቸው። ተፎካካሪው ዩኒቨርሳል ደግሞ በዚያው በኦርላንዶ በ1990፣ በ1999ና በ2025 ሦስት ታላላቅ መናፈሻዎችን ከፍቷል። የውሃ መናፈሻዎቹን ሳንቆጥር ታላላቆቹ ሰባት ሆኑ ማለት ነው። ሳምንቱም ሰባት ቀን ነውና፣ ሰው ሁሉ ለእያንዳንዱ ቀን አንዳንድ መናፈሻ ለማዳረስ መፈለጉ አይቀርም። በእኛ አስተያየት የመጀመሪያው ስሕተት ይህ ነው። ሰባቱን በሰባት ቀን የሮጠ ሰው ሰባት በር አየ እንጂ ሰባት መናፈሻ አየ አይባልም።

ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ «ሰው የማይበዛበት ቀን የቱ ነው?» ብሎ ጠይቆ፣ የተነገረውን ቀን ያለ ምርመራ መቀበል ነው። በእርግጥ በዓመቱ ውስጥ መጨናነቅ የማይቀርባቸው ወራት የታወቁ ናቸው። ከፈረንጆች ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው ያለው ሳምንት፣ የፋሲካቸው ሰሞን፣ በኅዳር የሚውለው የምስጋና በዓላቸውም ከሁሉ የበለጠ ሕዝብ የሚጎርፍባቸው ናቸው። በአንጻሩ የእኛ እንቁጣጣሽ የሚውልበት የመስከረም መጀመሪያ፣ የአሜሪካን ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የተመለሱበት ወቅት በመሆኑ፣ መናፈሻዎቹ ጋብ የሚሉበት ጊዜ ነው፤ ነገር ግን ወቅቱ የከባድ ዐውሎ ነፋስም ወቅት ነው። እንግዲህ ርካሹና ጸጥተኛው ቀን የራሱን ዕዳ ይዞ እንደሚመጣ ማስተዋል ያስፈልጋል።

ምክርም እንደ ሸቀጥ ሁሉ ጊዜ ያልፍበታል። ከ2020 በፊት በየቀኑ አንድ የተወሰነ መናፈሻ፣ በዲዝኒ ሆቴሎች ላረፉ እንግዶች ብቻ ቀደም ብሎ ይከፈት ወይም አምሽቶ ይዘጋ ነበር። የሆቴሉም እንግዶች ወደዚያው ስለሚጎርፉ፣ ዐዋቂዎች «በዚያ ቀን ከዚያ መናፈሻ ሽሹ» እያሉ ይመክሩ ነበር። ከ2021 ወዲህ ግን የሆቴል እንግዶች በአራቱም መናፈሻዎች በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ቀድመው እንዲገቡ ስለ ተደረገ፣ ያ ምክር ዋጋውን አጥቷል። ደግሞም ሁሉ የሰማው ምክር ራሱን ያፈርሳል፤ «ማክሰኞ ሰው የለም» ተብሎ ለሁሉ ከተነገረ ማክሰኞ ይሞላልና።

ስለዚህ የእኛ አሳብ እንዲህ ነው። በራሱ ጥሩ ወይም መጥፎ የሆነ ቀን የለም፤ ቀን ጥሩ የሚሆነው ለሚሄደው ሰው ሁኔታ ሲስማማ ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ ነገር እንጥቀስ። በበልግና በገና ሰሞን ማጂክ ኪንግደም በተመረጡ ምሽቶች ለብቻው ቲኬት የሚሸጥበት ልዩ የምሽት በዓል ያዘጋጃል፤ በእነዚያም ቀናት የተራው ቲኬት ባለቤት በምሽቱ 12 ሰዓት ላይ መውጣት ይኖርበታል። ቀኑ ስለሚያጥር ብዙ ሰው ይሸሸዋል፤ ስለዚህም የቀኑ ሰልፍ ያጥራል። እንግዲህ ይህ ቀን ርችቱን ለማየት ለመጣው ኪሳራ ነው፤ ሕፃኑን በጊዜ ማስተኛት ለሚፈልገው ግን ትርፍ ነው። ቀኑ አንድ ሲሆን ፍርዱ እንደ ሰዉ ሁለት ሆነ።

አሁን አንድ ቤተሰብ በምሳሌ እናንሣ። አባት፣ እናት፣ የስድስትና የዐሥራ አራት ዓመት ልጆች፣ ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና ሦስት ቀን የሆናቸው አያትም አሉበት እንበል። ዓርብ ማታ ኦርላንዶ ገብተው በሚቀጥለው ዓርብ ይመለሳሉ፤ የያዙትም ለአራቱ የዲዝኒ መናፈሻዎች የሚሆን የአራት ቀን ቲኬት ነው።

በእኛ ምክር ቅዳሜ አኒማል ኪንግደም ይሁን። በፍሎሪዳና በአገራችን መካከል እንደ ወቅቱ የሰባት ወይም የስምንት ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ በዚያ ገና ሳይነጋ በእኛ ዘንድ እኩለ ቀን ቀርቧል። ሰውነታቸው የአገራቸውን ሰዓት የያዘው አያት ከሁሉ ቀድመው ይነቃሉ፤ ሲመሽም ከሁሉ ቀድመው እንቅልፍ ይጥላቸዋል። በዚህ መናፈሻ ደግሞ የዱር አራዊቱ በጧት ቅዝቃዜ የተሻለ ይንቀሳቀሳሉ፤ መናፈሻውም ብዙውን ጊዜ ከሌሎቹ ቀደም ብሎ ይዘጋል። በሌላው ዘንድ ችግር የሚመስለው የአያት ማለዳ መንቃት በዚህ ቀን ለቤተሰቡ ሁሉ ጥቅም ይሆናል።

እሑድ ለጸሎትና ለዕረፍት ይተው። ሰኞ ሆሊውድ ስቱዲዮስ ይሁን፤ የዐሥራ አራት ዓመቱ ልጅ የሚሻቸው ፈጣን መጫወቻዎችና በ2019 የተከፈተው የ«ስታር ዋርስ» ሠፈር በዚያ ነውና። ማክሰኞ ኤፕኮት ይሁን። በዚህ መናፈሻ በሐይቅ ዙሪያ የዐሥራ አንድ አገሮች አደባባዮች ተሠርተዋል፤ ከአፍሪካ አንዲት ሞሮኮ ብቻ ትገኝበታለች። የቦታው ዋና ደስታ ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወሩ መቅመስ ስለ ሆነ፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ቤተሰብ ኤፕኮትን በጾም ቀን ቢያደርገው የከፈለበትን ግማሽ በዓይኑ ብቻ በልቶ ይመለሳል። በኤፕኮት የምግብ በዓል በሚኖርበት ወቅት ደግሞ ቅዳሜና እሑድ የአካባቢው ሰው ስለሚጨመር፣ ማክሰኞ ይሻላል እንላለን።

ረቡዕ ማጂክ ኪንግደም ይሁን፤ በዚያን ጊዜ አያት የአገሩን ሰዓት ስለሚለምዱ ከስድስት ዓመቱ ልጅ ጎን ቆመው በግንቡ ላይ የሚፈነዳውን ርችት ለማየት ይችላሉ። ሐሙስ ባዶ ትቀመጥ። በፍሎሪዳ በበጋቸው ወራት ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ስለ ሆነ፣ ከቤት ውጭ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ። ቲኬቱም ከጉብኝቱ ቀናት ጥቂት ትርፍ ቀን አለውና፣ ረቡዕን ዝናብ ሊወስደው እንደሚችል ለሚያስብ ወይም ልጅ ቢታመምበት፣ ሐሙስ እንደ መጠባበቂያ ትሆናለች። ማንም ነጋዴ ያለውን ካፒታል ሁሉ በአንድ ጭነት ላይ አይጭንም።

«ዕረፍት በዕቅድ ከታሰረ ምኑን ዕረፍት ሆነ?» የሚሉ አንባቢዎች ይኖራሉ፤ አባባላቸውም ከእውነት የራቀ አይደለም። በእጅ ስልክ ላይ ተደፍቶ በየሰዓቱ ተራ ሲያሲዝ የሚውል አባት ከቢሮው ወጣ ለማለት ያስቸግራል። እኛም የምንመክረው ቀኑ እንዲታቀድ ነው እንጂ ሰዓቱ እንዲታሰር አይደለም። ቀኑ አስቀድሞ ከተወሰነ የቀኑን ውስጥ ለልጆቹ ፈቃድ መተው ይቻላል፤ ቀኑ ካልተወሰነ ግን በየጧቱ በቁርስ ላይ ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩም ሲያልቅ ሰልፉ ረዝሞ ይቈያል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህ ነው።

ስለ ዋጋውም አንድ ቃል ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። በቀድሞው ዘመን ጎብኚው ከኤ እስከ ኢ በፊደል የተለዩ ቲኬቶች ያሉበትን ጥራዝ ይገዛ ነበር፤ የኢ ቲኬት ለዋና ዋናዎቹ መጫወቻዎች የሚያገለግል ነበር። ይህ ሥርዓት በ1982 ቀርቶ በአንድ ዋጋ ሁሉን መጫወት ሆነ። ከ2018 ወዲህ ደግሞ በዋልት ዲዝኒ ወርልድ የቲኬቱ ዋጋ እንደ ቀኑ ይለያያል። በመጀመሪያ የሚሸጠው መጫወቻው ነበር፤ ዛሬ የሚሸጠው ቀኑ ሆነ ማለት ነው። ይህን ብዙዎች ይነቅፉታል፤ እኛ ግን አስቀድሞ በይፋ እስከ ተነገረ ድረስ ትክክለኛ ንግድ ነው እንላለን። ውድ የሆነው ቀን ሰው የሚሻማበት ቀን መሆኑን ዋጋው ራሱ ለገዢው ይነግረዋልና፣ የዋጋውን ሰንጠረዥ ማንበብ ከብዙ ወሬ ይሻላል።

ወረፋ መቅደምን ስለ መሸጥ ግን አሳባችን የተለየ ነው። በ1999 የተጀመረው የቀጠሮ ወረቀት ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነበር፤ ከ2021 ወዲህ ግን በአጭሩ ሰልፍ ለመግባት ተጨማሪ ይከፈላል። ሻጩ መብቱ ነው። ሆኖም አንዱ ከፍሎ በቀደመ ቍጥር ያልከፈለው ይዘገያል፤ በበሩ ላይ የከፈለ ሰው በውስጥ ሁለተኛ እንዲከፍል ሲጋበዝ የመጀመሪያው ክፍያ ምን እንደ ገዛለት መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ ቤተሰቡ ከቤቱ ሳይወጣ ይህን ወጪ በሒሳቡ ውስጥ ያግባው፤ ወይም ለየትኛው ቀን ብቻ እንደሚገዛው አስቀድሞ ይቍረጥ።

በመጨረሻም ቃላችን ለንግድ ሰዎች ነው። «አራት ቀን፣ አራት መናፈሻ» ብሎ ጽፎ ሒሳብ የሚቀበል የጉዞ ወኪል እህሉን ሳይመዝን እንደሚሸጥ ነጋዴ ነው። ከመሸጡ በፊት ማን እንደሚሄድ፣ ዕድሜያቸው ስንት እንደ ሆነ፣ ከየት ተነሥተው እንደሚደርሱ፣ የትኛውን ቀን እንደሚጾሙ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ምንም አያስወጣውም፤ ደንበኛውን ግን ለሁልጊዜ ያተርፈዋል። በአገራችንም መናፈሻና መዝናኛ የሚያቋቁሙ ባለሀብቶች፣ ሠርገኛና የተማሪ ጉብኝት የሚበዛበትን፣ ጥገናም የሚደረግበትን ቀን በበራቸውና በማስታወቂያቸው ላይ በግልጽ ቢጽፉ መልካም ነው። ይህን ብናገር ደንበኛ ይቀርብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው ይኖራል። ነገር ግን የተነገረው ደንበኛ በሌላ ቀን ይመጣል፤ ሳይነገረው መጥቶ ቀኑን የከሰረው ግን አይመለስም።