የስኳር በሽታን ከቤት ማዕድ ጀምሮ መከላከል፤ የጂንካና የደቡብ ኦሞ አቅም

የደቡብ ኦሞ የጤና ችግር ሲነሳ በቅድሚያ የሚጠቀሱት ወባና የምግብ እጥረት ናቸው። ድርቅና የኦሞ ወንዝ ሙላት በየጊዜው በሚፈትኑት የአርብቶ አደር አካባቢ ይህ ተገቢ ነው። ይሁንና በጂንካና በሌሎች የአካባቢው ከተሞች ተቀምጦ መሥራት የዕለት ኑሮው ለሆነው የመንግሥት ሠራተኛ ሌላ ሥጋት ተደቅኗል። ይኸውም የደም ስኳር መጨመርና ከዚሁ ጋር የሚያያዘው ሥር የሰደደ የሰውነት መቆጣት (ብግነት) ነው።

በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ዳሰሳ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያን 6 በመቶ የሚጠጉት ከፍተኛ የደም ስኳር እንዳላቸው አመልክቷል። በቂ አትክልትና ፍራፍሬ የማይመገቡት ደግሞ ከመቶ ሰዎች ከ95 በላይ ሆነው ተገኝተዋል።

በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማች ስብ ሰውነትን ቀስ በቀስ የሚያስቆጡ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል። እነዚህም ኢንሱሊን ሥራውን በአግባቡ እንዳያከናውን ያደርጋሉ። በመሆኑም ስኳር በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ውሎ አድሮም ልብን፣ ኩላሊትን፣ ዓይንንና እግርን ይጎዳል። ምልክቱ ዘግይቶ ስለሚታይ ብዙዎች ሕመሙን የሚያውቁት ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው።

ችግሩን ለመከላከል የሚያስፈልገው ምግብ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት አሪ ራሱን የቻለ ዞን ቢሆንም፣ የአሪ ደጋና የደቡብ ኦሞ ቆላ ገበያ እንደተሳሰረ ነው። ከደጋው እንሰት፣ ጎደሬ፣ ጎመንና ባቄላ ይመጣል። ከቆላው ማሽላ፣ ማርና ቅቤ ይቀርባል። በአካባቢው አለኮ በመባል የሚታወቀው የሽፈራው ቅጠልም በቅርብ ይገኛል። በኮንሶና በአጎራባች ሕዝቦች ዘንድ ከእህል ዱቄትና ከአለኮ ቅጠል የሚዘጋጀው ኩርኩፋ፣ እህልን ከቅጠል ጋር አዋሕዶ የመመገብ የቆየ ልማድ ማሳያ ነው። ሐመሮችና ጎረቤቶቻቸው በሾርቃ የሚጠጡት የቡና ገለባ ሾፎሮም ያለ ስኳር የሚዘጋጅ መጠጥ ነው።

በከተማ ግን ማዕዱ እየተለወጠ ነው። ነጭ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ለስላሳ መጠጥና ስኳር የበዛበት ሻይ የማሽላውንና የጥራጥሬውን ቦታ እየያዙ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ወደ ምግብና መጠጥ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ እንዲያንስ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። 10 በመቶው በ2,000 ካሎሪ ሲሰላ 50 ግራም ያህል ነው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨመርበት ሻይ በቀን አራት ጊዜ የሚጠጣ ሠራተኛ 48 ግራም ገደማ ወስዷል። በስብሰባ ላይ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከጨመረ ደግሞ ወሰኑን አልፏል።

በጥር 2003 ዓ.ም. በጂንካ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን ዕቅዱ ይፋ የተደረገው የኩራዝ ስኳር ልማት አካባቢውን ስኳር አምራች አድርጎታል። አምራች መሆን ግን አብዝቶ ተጠቃሚ መሆን ማለት አይደለም።

በቤት ውስጥ ሊወሰዱ የሚችሉት እርምጃዎች ቀላል ናቸው። ከማዕዱ ግማሹን ጎመንና ሌሎች አትክልቶች፣ ሩቡን ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል፣ ቀሪውን ሩብ እንጀራ፣ ማሽላ ወይም ጎደሬ ማድረግ ይቻላል። በአንድ ገበታ በጋራ ሲበላ መጠንን መለየት ስለሚያስቸግር፣ የስኳር ሕመምተኛው ድርሻ አስቀድሞ ቢለይለት መልካም ነው። ማንጎና ሙዝ ተጨምቀው ከሚጠጡ ይልቅ በመጠኑ እንዳሉ ቢበሉ ይመረጣል። ማርም ተፈጥሯዊ ቢሆን የደም ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ በስኳር ምትክ በነጻነት የሚወሰድ አይደለም።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮችም አሉ። አለኮ ጠቃሚ አትክልት ቢሆንም ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አይተካም። ኢንሱሊን ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመጾሙ አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር አለበት፤ ስኳሩ በድንገት ወርዶ ለአደጋ ሊያጋልጠው ይችላልና። ምግብን የመቀነስ ምክርም እጥረት ላለበት አርብቶ አደር ቤተሰብ የሚሆን አይደለም። ለዚያ ቤተሰብ የሚያስፈልገው በቂና የተመጣጠነ ምግብ ማግኘት ነው። ባለሙያዎች አንዱን መልእክት ለሁሉም ከማስተላለፍ ሊቆጠቡ ይገባል።

የአኗኗር ለውጥ ውጤታማነት በጥናት የተረጋገጠ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ለበሽታው የተቃረቡ ሰዎች ክብደታቸውን በ7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ግብ ይዘው በመሥራታቸው በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል።

ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. የራሷን የአመጋገብ መመሪያ ይፋ አድርጋለች። መመሪያው በተግባር እንዲተረጎም መሥሪያ ቤቶች ከራሳቸው መጀመር ይችላሉ። ለስብሰባ መስተንግዶ ለስላሳና ኬክ የሚገዛበት ገንዘብ ለውኃ፣ ለቆሎና ለአካባቢው ፍራፍሬ ቢውል ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም፤ ገንዘቡም ወደ አካባቢው አምራች ይመለሳል። ስኳር ከሻይ ተለይቶ ቢቀርብና ሠራተኞች የደም ስኳራቸውን በየጊዜው እንዲለኩ ከጤና ተቋማት ጋር ቢመቻች፣ ዛሬ በማዕድ ላይ የሚወሰደው ጥንቃቄ ነገ በሕክምና ወጪና በሥራ ጊዜ ላይ የሚደርሰውን ኪሣራ ይቀንሳል።