ፎንዱን ጤናማ ለማድረግ ቺዙን አታሰቃዩት

በጓደኞቻችን ቤት ፎንዱ መሥራት እየተለመደ ነው። ነገሩ ለእኛ ብዙም እንግዳ አይደለም፤ መሐል ላይ አንድ ድስት፣ ዙሪያውን ሰው፣ እጅ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ። ከትሪ ላይ አብሮ እየጎረሰ ላደገ ሰው አዲሱ ነገር ረጅሙ ሹካ ብቻ ነው። ችግሩ፣ ከፎንዱው ጋር «ጤናማ ፎንዱ» የሚባል ፈሊጥም አብሮ ገብቷል። እኛም ዛሬ ከዚህ ፈሊጥ ጋር ትንሽ ጠብ አለን።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ከስዊዘርላንድ ፎንዱዎች ስመ ጥሩ ሟትዬ-ሟትዬ ይባላል፤ ግማሹ ግሩየር፣ ግማሹ ቫሽራን የሚባል ቺዝ ነው። ለአንድ ሰው 200 ግራም ገደማ ይመደባል። እንዲህ ያለ ቺዝ በ100 ግራም ወደ 400 ካሎሪ፣ 30 ግራም አካባቢ ስብና 1.5 ግራም ያህል ጨው አለው። ስለዚህ አንድ ሰው ዳቦው ሳይቆጠር 800 ካሎሪና 3 ግራም ጨው በአንድ መቀመጫ ያነሳል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው። ቤቱ ውስጥ ደም ግፊት ያለባቸው አባት ወይም እናት ካሉ (ያልሠራንበትን ቤት ቁጠሩልን!) ይህ ቁጥር ቀልድ አይደለም።

«ታዲያ ስዊዞች ከጥንት ጀምሮ እየበሉት አይደል?» የሚል አይጠፋም። ፎንዱ የመላው አገሪቱ ብሔራዊ ምግብ ተብሎ የተወደሰው በአብዛኛው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 የተቋቋመው የስዊዝ ቺዝ ዩኒየን ሕዝቡ ቺዝ በብዛት እንዲበላ ብዙ ቀስቅሷል። ዩኒየኑ እ.ኤ.አ. በ1999 ፈረሰ፣ ልማዱ ግን ቀረ።

የፈሊጡ ሰዎች መፍትሔ «ስቡ የተቀነሰ ቺዝ አቅልጡ» የሚል ነው። አይሆንም። ስቡ ሲወጣ የሚቀረው ፕሮቲን እሳት ሲነካው ተያይዞ እንደ ማስቲካ ይሳባል። በአገር አይብ የሚሞክሩም አሉ። አይባችን ቅቤው አስቀድሞ ስለወጣለት ቀለል ያለ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን አይብ ያደረገው የአሬራው ኮምጣጣነትና ሙቀቱ ነው። እንዲህ የረጋ አይብ ደግሞ አይቀልጥም፤ ውኃውን እየተፋ አሸዋ ይሆናል። እባካችሁ ለክትፎው ተዉለት። የቺዝ ፎንዱ ካማራችሁ በዓመት አንዴ ሁለቴ፣ በእውነተኛ ቺዝ፣ መጠኑን በግማሽ ቀንሳችሁ ብሉ። ከዳቦው ግማሹን በተቀቀለ ድንች፣ ካሮትና አበባ ጎመን ተኩ። አለቀ።

የእኛ ድምፅ ግን ለሌላኛው ፎንዱ ነው። ስዊዞች ራሳቸው ለገና ማዕድ የሚወዱት ፎንዱ ሺንዋዝ የሚባል አለ፦ ድስቱ ውስጥ የሚፈላው ቺዝ ሳይሆን መረቅ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ስስ ሥጋውን በሹካ ወግቶ እዚያው ያበስላል። ቤት ውስጥ ለመሥራት የሚከብድ ነገር የለውም። አጥንት፣ ሽንኩርት፣ ካሮትና ዝንጅብል ቀቅሎ ማጥለል ነው። የሾርባ ኪዩብ አትጨምሩ፣ ከቺዙ የሸሻችሁት ጨው በእሱ በኩል ይመለሳል። ቀይ ሥጋውን ፍሪዘር ውስጥ ጠንከር እስኪል ካቆያችሁት ቢላዋው እንደ ወረቀት ያሳሳዋል። ጎመን፣ እንጉዳይና ቃሪያም አብረው ይግቡ። ጥሬው የነበረበት ሳህን የበሰለው እንዳይቀመጥበት፤ ዶሮ ከሆነ ደግሞ መሐሉ ነጭ እስኪሆን ታገሡ። ለጥሬ ሥጋ ሟች የሆነው ወዳጃችንም አንድ ነገር ያተርፋል፤ ደህና አድርጎ ያበሰለው ሥጋ ኮሶ አያስይዘውም።

ማጥቀሻው ላይ ነው ሰው የሚሸወደው። ስዊዞቹ ማዮኔዝ የገባባቸው ስጎዎች ይደረድራሉ፤ ያኔ ስቡ በጓሮ በር ገባ ማለት ነው። እኛ ምን አጣን? ሰናፍጭ አለ፣ አዋዜ አለ፣ ሚጥሚጣ በሎሚ አለ።

ደግሞስ በሹካ ወግቶ ማጥቀስን ከአልፕስ ተራሮች ብቻ እንማር ያለን ማን ነው? ትግራይ ውስጥ፣ በተለይ በአጋሜ፣ ጥህሎ አለ። የተቆላ ገብስ ዱቄት በውኃ ታሽቶ ይድቦለቦልና በትንሽ የእንጨት ሹካ እየተወጋ በርበሬ ካለው የሥጋ ወጥ ይጠቀሳል። ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል የሚሟሟ አሰር አለው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ይህ አሰር ኮሌስትሮል በመቀነስ ለልብ ሕመም መጋለጥን ሊያሳንስ እንደሚችል በገብስ ምርቶች ላይ እንዲጻፍ እ.ኤ.አ. በ2006 ፈቅዷል። የጥህሎ ጣጣው ወጡ ላይ የሚፈሰው ዘይት ነው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ በዝግታ አቁላሉ፤ ቅቤዋን ለሽታዋ ያህል መጨረሻ ላይ ጣሉ። ጨው ከመጨመራችሁ በፊትም ቅመሱ፤ በርበሬው ራሱ ብዙ ጊዜ ጨው ገብቶበት የተፈጨ ነው።

አንድ የቀረን ምድጃው ነው። ለሁለቱም ድስት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይበቃል። መብራት ቢጠፋ በር ዘግታችሁ ከሰል ጠረጴዛው ሥር እንዳታስገቡ፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። መረቁን ጋዝ ላይ አፍልታችሁ፣ ሥጋውን እዚያው አብስላችሁ አቅርቡት፤ ሹካው አብሮ ይምጣ።