በንድፉ ላይ የሌለው በርሜል፦ የጠባብ መታጠቢያ ቤት አደረጃጀት በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ የተገነቡት የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ በተለምዶ ኮንዶሚኒየም የሚባሉት፣ ለብዙ ቤተሰቦች የመጀመሪያውን የግል መታጠቢያ ቤት አስገኝተዋል። ቀድሞ በግቢ ውስጥ ከጎረቤት ጋር በጋራ ይገለገሉበት የነበረው መጸዳጃ፣ ዛሬ ከመኝታ ክፍሉ አጠገብ፣ ከሻወሩና ከእጅ መታጠቢያው ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ይገኛል። ለውጡ ትልቅ ነው፤ ክፍሉ ግን ትንሽ ነው። ስለዚህም ቤት የደረሰው ሰው ቁልፉን ተረክቦ ወደ ማሳመሩ ሥራ ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ ከሚያሳስቡት ነገሮች አንዱ የዚህ ክፍል ጥበት ነው።

ለዚህ ጥያቄ ዘወትር የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ ፈካ ያለ ቀለም ያለው ሴራሚክ፣ ሰፊ መስተዋት፣ ሻወሩን የሚለይ የመስተዋት ግርዶሽ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ካቢኔ። ምክሩ በራሱ ስሕተት የለበትም። ፈካ ያለ ግድግዳ ብርሃንን ስለሚያንጸባርቅ፣ መስተዋትም ዕይታን ስለሚያረዝም ክፍሉ ከስፋቱ በላይ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ምክሩ የተመሠረተው ቧንቧው በተከፈተ ጊዜ ሁሉ ውሃ ይወርዳል በሚል ግምት ላይ ነው። ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው የከተማዋ ውሃ ግን በብዙ ሰፈሮች የሚዳረሰው በፈረቃ ነው። ስለሆነም በመታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ንድፉ የማያውቃቸው ዕቃዎች ይገባሉ፦ በርሜል፣ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ሳፋ። ክፍሉን በእርግጥ የሚያጠቡት እነዚህ ናቸው። በመሆኑም ቦታ ቆጣቢ አደረጃጀት መጀመር ያለበት ከሴራሚኩ ምርጫ ሳይሆን ከሚጠራቀመው ውሃ አቀማመጥ ነው።

ነገሩን በስሌት ማየት ይቻላል። ለአብነት ያህል 1.5 ሜትር በ2 ሜትር፣ ማለትም 3 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ክፍል ይወሰድ። የመጸዳጃው መቀመጫ ከፊቱ ሊኖረው ከሚገባው ክፍት ቦታ ጋር 80 ሳንቲ ሜትር በ1.3 ሜትር፣ በድምሩ 1.04 ካሬ ሜትር ይይዛል። ሻወሩ 80 በ80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 0.64፣ የእጅ መታጠቢያው 50 በ40 ቢሆን 0.20 ካሬ ሜትር ይወስዳሉ። 70 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው በር ወደ ውስጥ ሲከፈት የሚጠርገው ሩብ ክብ ደግሞ 0.38 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ከሁሉም ተርፎ ለመቆሚያና ለመተላለፊያ የሚቀረው 0.74 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ባለ 200 ሊትር በርሜል የጎኑ ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል በመሆኑ፣ ክብነቱም የማዕዘኑን ቦታ ከጥቅም ውጭ ስለሚያደርገው፣ 0.36 ካሬ ሜትር ይይዛል። ይህም የቀረው ቦታ ግማሽ ማለት ነው። ሳፋና ሁለት ሦስት ጀሪካን ሲጨመሩ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ ፈልጎ መቆም ይኖርበታል።

ጥበቱ ከምቾት ያለፈ ጉዳትም አለው። እርጥብ ወለል ላይ በጀሪካኖች መካከል የሚራመዱ አረጋዊት እናት ለመውደቅ የተጋለጡ ናቸው። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነና በሩ ሥር ከወደቁ ደግሞ የገዛ ሰውነታቸው በሩን ስለሚዘጋው ሊረዳቸው የሚመጣ ሰው በቀላሉ ሊገባ አይችልም። ክዳን የሌለው በርሜልና ውሃ የሞላ ባልዲ ለሕፃናት የመስጠም አደጋ ናቸው። እነዚህ አደጋዎች በመታጠቢያ ቤት ማስዋብ ሥራ ውስጥ ሊታሰብባቸው የሚገቡ እንጂ ለሌላ ጊዜ የሚተዉ አይደሉም።

የመጀመሪያው ማሻሻያ በሩን ይመለከታል። የመተላለፊያው ስፋት የሚፈቅድ ከሆነ በሩ ወደ ውጭ እንዲከፈት ማድረግ፣ ካልፈቀደም በግድግዳው ላይ የሚንሸራተት በር መግጠም፣ ከላይ በተጠቀሰው ክፍል 0.38 ካሬ ሜትር ያስመልሳል። ሁለተኛው ክቡን በርሜል በቀጭን ባለ አራት ማዕዘን ማጠራቀሚያ መተካት ነው። ወርዱና ቁመናው 40 በ40፣ ከፍታው 125 ሳንቲ ሜትር የሆነ ማጠራቀሚያ ያንኑ 200 ሊትር ይይዛል፤ ከወለሉ የሚወስደው ግን 0.16 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ሁለቱ ማሻሻያዎች ተደምረው 0.58 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ከክፍሉ ስፋት አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን፣ ግድግዳ ሳይፈርስ ያተርፋሉ። ማጠራቀሚያው ከግርጌው ቧንቧ ቢኖረው በጆግ መጥለቅ ስለሚቀር ውሃው በእጅ አይበከልም፤ ክዳኑም ዘወትር ዝግ ሆኖ ይቆያል። ሲሞላ 200 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ከወለሉ መሀል ይልቅ ዓምድ ባለበት ማዕዘን ሊቆም፣ እንዳይዘምም ደግሞ በብረት ማሰሪያ ሊያዝ ይገባል።

ሦስተኛው ከባዱንና ቀላሉን መለየት ነው። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ዕቃን ሁሉ ወደ ግድግዳ መስቀል በብዙ ቤቶች ይዘወተራል። ነገር ግን ክፍሎቹን የሚለዩት ግድግዳዎች በአብዛኛው ውስጣቸው ክፍት በሆነ ብሎኬት የተሠሩ ናቸው፤ ውሃ የሞላ ዕቃ እንዲሸከሙ ሊገደዱ አይገባም። ሳፋ፣ ባዶ ባልዲ፣ ሳሙናና ፎጣ ወደ ግድግዳ ይወጣሉ፤ ውሃ ያለበት ዕቃ ከወለል ይቀራል። እግር የሌለው የእጅ መታጠቢያ በጥሩ ማሰሪያ ከተገጠመ ከሥሩ ሁለት ጀሪካኖችን ያስገባል፤ መተላለፊያውም ነጻ ይሆናል።

አራተኛው የሻወሩን ግርዶሽ ይመለከታል። የመስተዋት ግርዶሽ ያምራል፤ ሆኖም በእነዚህ ቤቶች ሻወሩ ያለበት ወለል ሰው ገላውን ብቻ የሚታጠብበት አይደለም። ጠዋት ሕፃን በሳፋ ይታጠብበታል፣ ቅዳሜ ልብስ ይታጠብበታል፣ ውሃ በመጣበት ሌሊት ጀሪካን ይሞላበታል። ቋሚ ግርዶሽ ይህን ሁሉ ጥቅም ይከለክላል፤ ተሰብስቦ የሚከፈት መጋረጃ ግን በአነስተኛ ዋጋ ይፈቅዳል። ለወለሉ የሚመረጠው ሴራሚክም እንደ ግድግዳው የሚያብረቀርቅ ሳይሆን ሻከር ያለ፣ ወደ ፍሳሽ መውረጃው በበቂ ተዳፋት የተነጠፈ ሊሆን ይገባል።

ቦታ ለማስፋት ሲባል የማይደረግ ነገርም አለ። የመጸዳጃውን መቀመጫ ከቦታው ማንሳትና ወለሉን መቆፈር ውሃ እንዳያሳልፍ የተሠራውን ንጣፍ ሊጎዳ ይችላል፤ መዘዙም ከታች ባለው ጎረቤት ጣሪያ ላይ ይታያል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የግል ቤትን ከጋራ መገልገያ ለይቶ የደነገገው አንዱ የሚያደርገው ሌላውን የሚነካ በመሆኑ ነው። በአንድ ሕንፃ የሚኖር ሰው የመታጠቢያ ቤቱ ወለል የሌላው ሰው ጣሪያ መሆኑን መዘንጋት የለበትም።

የውሃ እጥረቱ ጊዜያዊ ስለሆነ ለበርሜል ተብሎ ቤት ሊደራጅ አይገባም የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ተስፋው መልካም ነው። ነገር ግን ቤቱ ዛሬ የሚኖርበት ሰው አለው። ያ ሰው ሊፍት በሌለው ሕንፃ ላይ 20 ሊትር ውሃ ተሸክሞ እስከ አራተኛ ፎቅ ይወጣል፤ በደረሰ ጊዜም ሸክሙን የሚያሳርፍበት የተዘጋጀ ቦታ አያገኝም። ውሃው ያለማቋረጥ መፍሰስ በጀመረ ጊዜ ደግሞ ለማጠራቀሚያ የተተወው ማዕዘን ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ወይም ለመደርደሪያ ይውላል እንጂ ባክኖ አይቀርም።

ስለዚህ ኃላፊነቱ በነዋሪው ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። ነዋሪው በሩንና በርሜሉን ሊለውጥ ይችላል፤ የቧንቧውን መስመር ግን የሚወስነው ንድፍ አውጪው ነው። በሚቀጥሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች የመታጠቢያ ቤት ንድፍ ላይ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ማዕዘን ከነውሃ መሙያ መስመሩና ከነፍሳሽ መውረጃው ለማጠራቀሚያ ቢሰመር፣ በወረቀት ላይ የሚጠይቀው ጥቂት መስመር ነው። ሳይሰመር ከቀረ ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ ከሚቆምበት ወለል ላይ ቆርሶ ሲከፍለው ይኖራል።